ያበጠ ጉንጭና ያሳጠርኩት ምክር

ብዙ ሰው ሕይወቱ የተለወጠበትን ቀን ሲያወራ ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው። የእኔ ቀን ሲመጣ የተነፋው ጉንጬ ነበር፤ ያውም የግራው ብቻ። ባለቤቴ ያን ቀን ለሰው ልታወራ በጀመረች ቁጥር ግማሽ ሳትደርስ ሳቋ ስለሚያቋርጣት ታሪኩን እስከ መጨረሻው የሰማው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ እኔው ልንገራችሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ስሜ ኑረዲን ሲሆን ሆሳዕና ላይ ሁሉም ሰው ኑሪ ይለኝ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ አራት። ሐዲይኛን ከእናቴ ተማርኩ። አባቴ የጨው ነጋዴ ስለነበረ አብሬው የከምባታን ገበያዎች ስዞር ከምባትኛ ለመድኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ አማርኛ ጨመርኩበት። እንግዲህ በሦስት ቋንቋ የሚያወራ ጎረምሳ ምን ያህል እንደሚኮራ ገምቱ። ከከተማው ዳር ያለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ አስተርጓሚ አድርጋ ቀጠረችኝና ነጭ ጋዋን አለበሰችኝ። ጋዋኑን ከለበስኩ በኋላ ራሴን ከሐኪም የማሳንስበት ምክንያት አልታየኝም።

ወደ ክሊኒኳ በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ የውጭ አገር የጥርስ ሐኪም ይመጣል። ቁመቱ ረጅም፣ እጁ ለስላሳ፣ ትዕግሥቱ ማለቂያ የሌለው ሰው ነው። አማርኛውን የተማረው ከገበያ ሴቶች ነው ይባላል፤ እውነት ሳይሆን አይቀርም፣ ምክንያቱም ወንዱንም ሴቱንም የሚጠራው «አንቺ» እያለ ነው። ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ጉብ ብሎ «አንቺ፣ አትፍሪ፣ አፍሽን ክፈቺ» ሲባል እኔ ፊቴን በጋዋኔ እጅጌ እሸፍናለሁ።

ዶክተሩ ጥርስ ከነቀለ በኋላ ምክር ይሰጣል። አሥሩንም ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ነው የሚናገረው። ጨርቁን ግማሽ ሰዓት ነክሰሽ ያዢ። ዛሬ አትትፊ። ዛሬ አትጉመጥመጪ። ከነገ ጀምሮ ለብ ያለ የጨው ውሃ በአፍሽ ያዢና ቀስ አድርገሽ አፍስሺው። ዛሬ ጉንጭሽ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊ። ስትተኚ ራስሽን ከፍ አድርጊ። ሲጋራ አታጭሺ። ትኩስ ነገርና ጠንካራ ነገር ይቅርብሽ። ክኒኑን በሰዓቱ ዋጪ። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ቢብስ አትደንግጪ፤ ደሙ ግን ከተመለሰ ንጹሕ ጨርቅ ንከሺ፣ ካላቆመ ነይ።

እኔ ይህን ሁሉ ወደ ሐዲይኛ ስመልሰው እንዲህ ይሆናል፦ «አትትፋ፣ በጨው ውሃ ተጉመጥመጥ፣ በል ሂድ።»

አንድ ቀን ዶክተሩ ጠረጠረኝ።

«እኔ ብዙ ተናገርኩ፤ አንቺ ትንሽ ተናገርሽ። ለምን?»

«ዶክተር፣ ሐዲይኛ አጭር ቋንቋ ነው» አልኩት።

አመነኝ። እንዲያውም ደስ አለውና «ጥሩ ቋንቋ! ጥሩ ቋንቋ!» አለ። ይህን ያልኩት እኔ፣ እናቴ ስለ አንዲት የጠፋች ዶሮ ከጠዋት እስከ ቀትር ስታወራ እየሰማሁ ያደግኩት ልጅ ነኝ!

በዚያ ሰሞን ሁለት ነገር አንድ ላይ ያዘኝ። አንደኛው ከድድ ሥር በጎን የተጋደመ የመጨረሻው መንጋጋዬ ነው። ሁለተኛው ዘይነባ ናት። ዘይነባ ዳምቦያ ውስጥ ቅቤና እህል የሚነግዱት የአቶ ሸምሱ ልጅ ናት። ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ እኔ ሳወራ እሷ ሳቀች። አጎቴ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ነበርና አቶ ሸምሱ ጥሩ ፊት አሳይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ልጁ በሦስት ቋንቋ ይናገራል አላችሁኝ። እስቲ ረቡዕ ይምጣና ሲናገር ልስማው።»

ዶክተሩ ጥርስ የሚነቅልበት የመጨረሻ ቀን ደግሞ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ካልተነቀልኩ ስድስት ወር ልጠብቅ ነው። ሕመሙ ስድስት ወር አይደለም ስድስት ሰዓት የሚያስጠብቅ አልነበረም።

ማክሰኞ ከእኔ ተራ በፊት ሎምበቦ ገባ። ሎምበቦ በሆሳዕናና በዳምቦያ መካከል ላንድሮቨር የሚነዳ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ከሞተሩ የሚበልጥ ሰው ነው። ረቡዕ የምሳፈረውም ከእሱ ጋር ነበር። አማርኛው የመንገድ አማርኛ ነው፤ «ጠጋ በል፣ ውረድ፣ በሩን ዝጋ» እዚያ ላይ ያበቃል። ሕመሙም የእኔው ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ የእሱ በቀኝ፣ የእኔ በግራ። ዶክተሩ ድዱን ሰነጠቀ፣ ጥርሱን ሁለት ቦታ ከፈለ፣ አወጣና ሰፋው። ከዚያ አሥሩን ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ።

እኔ ወንበሩን እያየሁ ነው። ቶሎ ይነሳልኝና ልቀመጥ።

«ምን አለ?» አለኝ ሎምበቦ በተጨናነቀ አፉ።

«አትትፋ፣ በጨው ውሃ ደህና አድርገህ ተጉመጥመጥ አለ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ሄደ። እኔ ተቀመጥኩ። ማደንዘዣው ሲገባ ከንፈሬ የሌላ ሰው ሆነ። ዶክተሩ ሲጨርስ «አንቺ ይህን ታውቂያለሽ፤ ግን ልንገርሽ» ብሎ አሥሩንም ነገረኝ። ቤት ሄጄ አሥሩንም ፈጸምኩ። ቀዝቃዛ ጨርቅ አደረግሁ፣ በሁለት ትራስ ተደገፍኩ፣ ክኒኔን በሰዓቱ ዋጥኩ። አያችሁልኝ? ለራሴ አፍ አንድ ጣት እንኳ አላጎደልኩም።

ያም ሆኖ ረቡዕ ጠዋት መስታወት ውስጥ ያየሁት ሰው እኔን የሚመስል፣ ግን ሙሉ ብርቱካን ጎርሶ ለመዋጥ ቀን የሚጠብቅ ሰው ነው። አፌ የሚከፈተው አንዲት ጣት የሚያስገባ ያህል ነው። እናቴ አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያዘነች መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳቅ መሆኑ ገባኝ።

«ቅር፣ ልጄ» አለች።

«አሰቀርም» አልኩ። አልቀርም ማለቴ ነበር።

መኪናው ጋ ስደርስ ሎምበቦ ከወዲያ በኩል ዞሮ መጣ። የቀኝ ጉንጩ የእኔን የግራ ሁለት ያህላል። ተፋጠጥን። አንድ ሰው መካከላችን ቢቆም በሁለት ድንች መካከል የተያዘ ይመስል ነበር። መጀመሪያ እሱ ሳቀ፤ ሲስቅ አመመው፤ ሲያመው አይቼ እኔ ሳቅኩ፤ እኔንም አመመኝ። ጉንጫችንን ይዘን «ወይኔ፣ ወይኔ» እያልን ስንስቅ ተሳፋሪው ከመኪናው አንገቱን አስግጎ ያየናል።

ጋቢና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከከተማው እንደወጣን ሎምበቦ በመስኮቱ ቱፍ አለ። ቀይ ነው። ቀጠለና ሲጋራ ለኮሰ። ከመቀመጫው ሥር ጠርሙስ አውጥቶ ተጎነጨና ጉንጩን እስኪበቃው አናውጦ ደግሞ ቱፍ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«የጨው ውሃ ነዋ! ትናንት አንተ ካልከኝ ሰዓት ጀምሮ ስጉመጠመጥ ነው የዋልኩት። ትኩስ ትኩሱን! ሚስቴ የቤቱ ጨው አለቀ ብላ ከጎረቤት ተበደረች።»

ያሳጠርኩት ምክር ትዝ አለኝ። ግን አልነገርኩትም። አፌ አልከፈት ስላለ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

አንጋጫ ልንደርስ ዳገቱን ስንወጣ ሎምበቦ መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዘና መኪናውን አቆመ። በሩን ከፍቶ ጎንበስ ሲል ደሙ በከንፈሩ ዳር ፈሰሰ። ተፋው፤ ወዲያው አፉ ሞላ። እንደገና ተፋው። ተሳፋሪው ግር ብሎ ወረደ።

«ሰውዬው አለቀ!» አለች አንዲት ሴት።

«አረቄ አጉርሱት!»

«ጋደም ይበል፣ እግሩን ስቀሉት!»

በሎምበቦ ሰፊ ፊት ላይ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃት አየሁ። አራት ልጆች አሉት። ያን ጊዜ የዶክተሩ አሥረኛ ጣት ዓይኔ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አይተኛም!» ብዬ ጮህኩ። ካበጠ አፍ የወጣው ድምፅ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፤ ሰው ግን ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። አትትፋ!»

«ተጉመጥመጥ ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አለ በደሙ መካከል።

«ተሳስቼ ነው። አሁን አትትፋ፣ እለምንሃለሁ።»

ሻይ ቤቱ ከዚያ ሩቅ አልነበረም። ደግፈን ወስደን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ለሽምግልናው ብዬ የገዛሁት አዲስ ነጭ ሻሽ በኪሴ ነበር፤ የተጠቀለለበት ካኪ ወረቀት እንኳ አልተገፈፈም። ቀደድኩት። ዶክተሩ አንድ ጊዜ ብዙ ለደማባት ሴት የሻይ ቅጠል በጨርቅ አስሮ ሲያስነክሳት አይቻለሁና የሻይ ቤቷን ባለቤት በፈላ ውሃ የራሰ ቅጠል ለመንኳት። ቀዝቀዝ ሲል በጨርቁ ጠቅልዬ፣ ጠበቅ አድርጌ አጥፌ፣ ቁስሉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ንከስ። ግማሽ ሰዓት። አውጥተህ አትየው፣ አታውራ።»

ሎምበቦ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ሰጠኝ። ተሳፋሪው በሙሉ ከበበን። ግማሽ ሰዓት እንዲያ የሚረዝም ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ዝምታው ሲከብደኝ ማውራት ጀመርኩ። አሥሩንም ነገርኩት፤ በሙሉ፣ በሐዲይኛ፣ ከነምክንያቱ። ደሙ ጉድጓዱ ላይ እንደ ክዳን ይረጋል፤ ስትተፋና ስታናውጥ ክዳኑን ትነቅለዋለህ፤ ሲጋራውም ትኩሱም ያንኑ ያደርጋል፤ ጨው ውሃው ጥሩ ነው፣ ግን ከነገ ጀምሮ፣ ለብ ያለ፣ ቀስ ብሎ። ሕመሙ እንዲቀል ክኒኑን ሳትረሳ። ምራቄ እየተንጠባጠበ፣ ቃሌ ግማሹ በጉንጬ እየቀረ ጨረስኩ።

አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን ሁሉ ዶክተሩ ነው ያለው?»

«አዎ አባባ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

ሎምበቦ ጨርቁን እንደነከሰ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ።

ግማሽ ሰዓቱ ሞላ። ጨርቁን አወጣሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጠበቅን። ደሙ ቆሟል። ሻይ ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ አረቄ አጉርሱት ያለው ሰውዬ ራሱ አረቄውን ጠጣው።

ሎምበቦ ግን አልሳቀም። «ትናንት ለምን አልነገርከኝም?» አለ ቀስ ብሎ።

ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እንደ ልማዱ በሦስት ቋንቋ። ግን አፌ የሚከፈተው አንድ ጣት ያህል ስለሆነ ሊወጣ የሚችለው አጭር ነገር ብቻ ነው።

«ቸኩዬ። ሁልጊዜም እቸኩላለሁ።»

«ለስንት ሰው እንዲህ አደረግህ?»

«ለሁሉም።»

«በእግርህ እንድትሄድ ባደርግ ደግ ነበር» አለ። «ግን አቶ ሸምሱ ይህን ፊትህን ሲያዩ ማየት አለብኝ። ተነስ!»

ዳምቦያ ስንደርስ ከቀትር በኋላ ሆኗል። አጎቴና ሽማግሌዎቹ ቀድመውን ገብተዋል። እኔ ስገባ አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ። አቶ ሸምሱ ከመቀመጫቸው ግማሽ ተነሱና ቀሩ።

«አሰላሙ አለይኩም» ልል ነበር። ምን እንዳልኩ አላህ ይወቀው።

«ይህ ነው በሦስት ቋንቋ የሚናገረው?» አሉ አቶ ሸምሱ በከምባትኛ። «እኔ እስካሁን አንዱንም አልሰማሁ።»

ያን ጊዜ ሎምበቦ ከኋላዬ ገባ። የእሱ ቀኝ ከእኔ ግራ ጋር ሲሰለፍ በሩ ጠበበን። «እኔ አስተረጉምለታለሁ፤ መንገዱን ሙሉ ስሰማው ስለዋልኩ ንግግሩን ለምጃለሁ» አለ።

ሌላ ምን ምርጫ አለኝ? ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ። በመጀመሪያ ለቤቱ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ለአቶ ሸምሱ አባትና አያት ዱዓ፣ ከዚያ ስለ ሁለቱ ቤተሰቦች፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ዓላማዬ። ላቤ በግንባሬ እየወረደ፣ ምራቄን በሻሹ ቅዳጅ እየጠረግሁ ረጅም ጊዜ ተናገርኩ። ስጨርስ ሁሉም ወደ ሎምበቦ ዞሩ።

ሎምበቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጅቷን ስጡኝ ይላል» አለ።

«ይህን ሁሉ ሰዓት ያለው ይህን ነው?»

«ይህንኑ ነው።»

ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ አንድ ሳቅ ፈነዳ። የማን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሳቁ ተላለፈ፤ አጎቴ፣ ሽማግሌዎቹ፣ በመጨረሻ አቶ ሸምሱ ራሳቸው እንባቸው እስኪወርድ። እኔና ሎምበቦ ጉንጫችንን በሁለት እጃችን ደግፈን «ወይኔ፣ ወይኔ» እያልን።

ሳቁ ሲበርድ ሎምበቦ የሆነውን አንድም ሳይቀንስ ተረከ። ማክሰኞ ያሳጠርኩበትን፣ አንጋጫ ላይ ያዳንኩትን፣ «ለሁሉም» ብዬ የመለስኩትን ጭምር። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ሽምግልናው እዚያ ላይ ያለቀ መሰለኝ።

አቶ ሸምሱ ጢማቸውን ሲደባብሱ ቆዩ። «ውሸት መናገር ትችል ነበር?» አሉኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ለምን ተውከው?»

ይህን የሚያስተረጉምልኝ አልፈለግሁም። ቃሉን በአንዲቷ ጣት ስፋት በኩል አንድ በአንድ አወጣሁት። «ሰውየው... ሊሞትብኝ... ነበር።»

አቶ ሸምሱ ወደ ጓዳ ተጣሩ። «ዘይነባ! ለነዚህ ሁለት ድንቾች የማይታኘክ ነገር አምጪ።»

ዘይነባ አታካና ይዛ ወጣች፤ በወተትና በቅቤ የተሠራ ለስላሳ የቡላ ገንፎ፣ ሕፃን የሚውጠው። ፊቴ ስታስቀምጠው ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ «አቀዝቅዤዋለሁ፤ ትኩስ አይሆንም አይደል?» አለችኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ሰምታለች ማለት ነው። አንባቢዎቼ፣ እኔ ያን ሰዓት ሕመም የሚባል ነገር ስለመኖሩ ብትጠይቁኝ አላውቅም እላችሁ ነበር።

ሐሙስ ሆሳዕና ተመለስኩ፤ ዶክተሩ ዕቃውን ሲሸክፍ ደረስኩበት። እብጠቴ እሱ እንደ ተናገረው ብሷል። ጋዋኔን አውልቄ በእጄ ይዣለሁ።

«ዶክተር፣ ሐዲይኛ አጭር ቋንቋ አይደለም።»

ገባው። ፊቱ ሲጠቁር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያባርረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ይልቅ በዚያ ሰሞን የታከሙትን ሰዎች ስም የያዘውን ደብተር አውጥቶ እጄ ላይ አኖረውና «ሂጂ፤ ፈልጊያቸው፤ ሁሉን ንገሪያቸው» አለኝ።

ፈለግኋቸው። ጉንጬ ሲቀንስ ጋዋኔን መልሼ ለብሼ፣ ክኒኔን በኪሴ፣ ደብተሩን በብብቴ ይዤ የሆሳዕናን ገበያ ዞርኩ። ቅቤ ተራ ገብቼ «እናቴ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ» እላለሁ። የማገዶ ተሸካሚ አስቁሜ «ያ ጥርስህ ደህና ነው?» እላለሁ። አንዳንዱ ሰደበኝ፣ አንዳንዱ አበደ አለኝ፤ አንድ ቁስሉ አመርቅዞ ፊቱ የጋለ ገበሬ ግን አግኝቼ በዚያው ቀን ክሊኒክ አደረስኩት። ያ አንድ ሰው ባይገኝ ኖሮ ምን ሆኜ እኖር እንደነበር ዛሬም ማሰብ አልወድም።

በኋላ ተምሬ ቁስል የሚያክም ረዳት፣ ድሬሰር ሆንኩ፤ ዘይነባን አገባሁ፤ ሎምበቦ በሠርጌ ቀን ሁለት ቋንቋ እየቀላቀለ ዘፈነ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሐኪም ቤት ቆማችሁ ለእናታችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ የተባለውን የምትነግሩ ከሆነ፣ እባካችሁ «ፍሬ ነገሩ ይኼ ነው» አትበሉ። የትኛው ፍሬ የትኛው ገለባ እንደሆነ የሚያውቀው ያመመው ሰው አፍ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በሌላ ሰው ደም ነው፤ እናንተ በነፃ ውሰዱት።

ከዚያ የገበያ ዙረት አንድ ቀን አይረሳኝም። ከሙዱላ የመጡ አንድ ሽማግሌ ዳር ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። ስማቸው ደብተሩ ላይ አልነበረም፤ ግን ከዓመታት በፊት ዶክተሩ ጋ እንዳየኋቸው ትዝ አለኝ። ተንበርክኬ ከመጀመሪያው ጣት እስከ አሥረኛው ሁሉን በከምባትኛ ነገርኳቸው። አንድም ቃል ሳያመልጣቸው አዳመጡኝ። ስጨርስ አፋቸውን ከፈት አደረጉ፤ አንድም ጥርስ የለም።

«አባባ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ሳወራ ለምን አላስቆሙኝም?» አልኩ በሃፍረት።

«ልጄ፣» አሉ፣ «በዚህ ዕድሜዬ ጋዋን የለበሰ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ይህን ያህል አውርቶኝ አያውቅም። እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት።